የእረኛው ውሻና የግቢው ውሻ
የዕለታዊ እንቅስቃሴ ጥቅም ከደብረ ታቦርና ከጉና ደጋ ታሪክ አንጻር

ሰውና ውሻ በአፍሪካ ቀንድና በአካባቢው አብረው መኖር የጀመሩበት ዘመን እጅግ ሩቅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን የግብፅ ንግሥት ሐትሸፕሱት በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ ትገኝ እንደነበር ወደምትገመተው ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ይዘው ከተመለሱት ሀብት መካከል ከዕጣንና ከዝንጀሮ ጋር ውሾችም እንደነበሩበት በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረው የግሪክ ጸሐፊ አጋታርኪደስም ከግብፅ በስተደቡብ ትላልቅ ውሾች አሠልጥነው የዱር ከብት ስለሚያድኑ ሕዝቦች ጽፏል። ከእነዚህ ጥንታዊ ምስክሮች የምንረዳው አንድ ቁም ነገር ቢኖር ውሻ በዚህ የዓለም ክፍል የታወቀው በሥራው፣ ይኸውም ከጌታው ጋር በመሄድና በመሮጥ እንደነበረ ነው።

ዛሬ በከተሞቻችን የሚታየው ሁኔታ ከዚህ የራቀ ነው። ውሻው ቀኑን ሙሉ በአጥር ግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ባለቤቱም ከመኪና ወደ ቢሮ ወንበር፣ ከቢሮ ወንበር ወደ ቤቱ ወንበር እየተዛወረ ይውላል። ሁለቱም እንቅስቃሴ አጥተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ በአንድነት ይንቀሳቀሱ የነበረበትን ዘመን በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በተለይም በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ተመልክቶ፣ ለውጡ በሰውም በእንስሳም ላይ ያስከተለውን ጉዳት ማመልከትና ለመሐንዲሶች የሚተርፈውን የሥራ ድርሻ መጠቆም ነው።

አገሩና እግሩ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚታየው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ይደርሳል። ወደ ጣና ሐይቅ የሚፈሱት የርብና የጉማራ ወንዞች ውኃቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ተራራ ነው። የአየሩ ግፊት በደብረ ታቦር ከባሕር ወለሉ ግፊት 72 ከመቶ፣ በጉና ጫፍ ደግሞ 60 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ዳገት የሚወጣ ሰው ሳንባና ልብ በቆላ ከሚኖር ሰው ይልቅ ሥራ ይበዛባቸዋል።

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም የሆነ ገበሬ 300 ሜትር ከፍታ ያለውን ዳገት ቢወጣ፣ ራሱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 206 ኪሎ ጁል ያህል ሥራ ይሠራል። የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኀይል ወደ ጠቃሚ ሥራ የሚለውጠው ከአምስት አንድ እጁን ወይም ከአራት አንድ እጁን ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ አንድ ዳገት ከ200 እስከ 250 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል ማለት ነው። የደጋው ሰው ወደ ገበያ፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ እርሻው ሲመላለስ እንዲህ ያለውን ዳገት በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይወጣል። ስለዚህም እንቅስቃሴ ለእርሱ በተለየ ሰዓት የሚከናወን ተግባር ሳይሆን የኑሮው መልክ ሆኖ ኖረ።

የደጋው ሰው አካልም ከዚህ ኑሮ ጋር ተስማምቶ እንደሚኖር በጥናት ተደግፏል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምሮ፣ የሄሞግሎቢኑ መጠንም ሆነ በደሙ የተያዘው ኦክሲጅን በባሕር ወለል አጠገብ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ መሆኑን አረጋግጧል። ይህ ግን ለዘመናት የተገኘ ጸጋ እንጂ ተቀምጦ ለሚውል ሰው የጤና ዋስትና አይደለም።

የውሻ ሥራ በደጋ

በፋርጣ፣ በጋይንትና በእስቴ ደጋ ውሻ የሚያዘው ለጌጥ አልነበረም። ጎንደር ከተማን በ1762 ዓ.ም. የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ጅቦች ከምሽት ጀምሮ እስከ ንጋት የከተማይቱን መንገዶች ሞልተው ይዘዋወሩ እንደነበር ጽፏል። የመንግሥት መቀመጫ የነበረችው ከተማ እንዲህ ከሆነች፣ በተራራው ግርጌ በተበታተኑ ጎጆዎች የሚኖር ገበሬ ስለ በረቱ የሚያድርበትን ሥጋት መገመት አያዳግትም። ሌሊት የጅብን መምጣት አስቀድሞ የሚያስታውቅ፣ ቀን ቀበሮን ከበግ መንጋ፣ ዝንጀሮን ከአዝመራ የሚያባርር ውሻ ለቤተሰቡ ከአንድ ሰው ጉልበት የማይተናነስ ዋጋ ነበረው።

የቀኑ ሥራ ሥርዓት ነበረው። እረኛው ልጅ ጠዋት የፋርጣን በጎች ከጉረኖ አውጥቶ ወደ ግጦሽ ሲሰማራ ውሻው አብሮ ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ በእረኛው ዓይን ሥር ሆኖ ይንቀሳቀሳል፤ ሲመሽ አብሮ ይመለሳል። ልጁ በጎቹን ለማገድ ሲሮጥ ውሻውም ይሮጣል፤ ልጁ በጥላ ሲያርፍ ውሻውም ያርፋል። የእረኛውን አካል የሚያጠነክረው ይኸው የዕለት ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ጅራፍ ማጮህም፣ በገና ሰሞን የገና ጨዋታም ነበረበት። በነሐሴ 13 ቀን በሚከበረውና ከተማይቱ ስሟን በምትጋራው በደብረ ታቦር በዓል፣ በተለምዶ ቡሄ በሚባለው፣ እረኞች ጅራፋቸውን ሲያጮሁ የሚሰማው ድምፅ የዚህ ኑሮ ምልክት ነው።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ከሚገባው በላይ ማሞገስ ተገቢ አይሆንም። ውሻ በሃይማኖታዊውም ሆነ በማኅበራዊው ልማድ እንደ ርኩስ ይታይ ስለነበር ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ይከለከላል፤ በቤት ውስጥም ስፍራ አልነበረውም። የሚመገበው ትራፊ ነው፤ ብዙ ጊዜም በዱላና በድንጋይ ይመታል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ታማኝነቱን ሲመሰክርለት፣ የዕለት ኑሮው ግን የታማኝነቱን ያህል አልነበረም። እንደዚህም ሆኖ አንድ ነገር አልተነፈገውም፤ ይኸውም ለተፈጥሮው የሚስማማ የዕለት ሥራና ከሰው ጋር አብሮ መዋል ነው።

የእግር ጉልበት የሠራው መንገድ

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ ተቆርቁራ፣ በኋላም የራስ ዐሊ መቀመጫ ሆነች። ዐፄ ቴዎድሮስም በዘመነ መንግሥታቸው ብዙ ጊዜ ያሳለፉት በዚህችው ከተማ ነው። በአቅራቢያዋ በምትገኘው በጋፋት የአውሮፓ ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ከእነዚህም ትልቁ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው ነበር።

ለመሐንዲስ ከመድፉ መቀለጥ ይልቅ የሚያስደንቀው የመድፉ ጉዞ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ለጋሪ የሚሆን መንገድ አልነበረም። ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተደለደለ፣ የጂዳና የበሽሎ ሸለቆዎች እየተጠረቡ መንገዱ የተሠራው ከጉዞው ጋር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች መስክረዋል። መድፉን የጎተቱት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ።

ይህ ታሪክ በፖለቲካው በኩል ብዙ ተጽፎበታል። በዚህ ርእስ ግን የሚጠቀሰው ስለ ሌላ ምክንያት ነው። ሰባት ቶን ብረት በእንዲህ ያለ ከፍታ፣ ኦክሲጅኑ በሳሳ አየር፣ በእንዲህ ያለ ገደል ማሻገር የቻለው ሕዝብ ለዚሁ ሥራ በተለየ ሥልጠና የተዘጋጀ አልነበረም። ጉልበቱን ያገኘው ከልጅነቱ ጀምሮ ከመንጋውና ከውሻው ጋር ዳገት በመውጣትና በመውረድ፣ ከዚያም በእርሻና በዘመቻ ነው። የአንድ ቀን ብርታት ሳይሆን የየዕለቱ ልማድ የሠራው ጉልበት መሆኑ ነው ትምህርቱ።

መኪና ከመጣ በኋላ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት አልፎ ወልድያ የሚደርሰው፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አውራ ጎዳና በ1960ዎቹ መጨረሻ በቻይና ርዳታ ተጀምሮ በ1970ዎቹ ተጠናቀቀ። መንገዱ ለአገሩ ያመጣው ጥቅም የማይካድ ነው። በሽተኛን ወደ ሐኪም ቤት፣ እህልን ወደ ገበያ፣ ተማሪን ወደ ትምህርት ቤት አቅርቧል። በድርቅ ዘመን የርዳታ እህል ማጓጓዣ ሆኖ አገልግሏል። ነገር ግን ማንኛውም የምሕንድስና ሥራ ከታሰበለት ጥቅም ጎን ያልታሰበ ውጤት ያስከትላል። ከተማው እያደገ፣ ግጦሹ እየጠበበ፣ ተሽከርካሪው እየበዛ ሲሄድ እግረኛው ከመንገዱ ጠርዝ ተገፋ፤ ውሻውም ሥራውን አጣ።

ሥራ ያጣ ውሻ ዕጣው ከሁለት አንዱ ሆነ። አንደኛው ታስሮ መዋል ነው። ለመሮጥና ለማሽተት የተፈጠረ እንስሳ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ሲወሰን ይሰለቻል፣ ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ሰው ሲያይ ይቈጣል፤ በተፈታ ዕለትም ለጎረቤት ልጅ አደጋ ይሆናል። ብዙ ሰው «ውሻ ካልታሰረ ኃይለኛ አይሆንም» ብሎ ያምናል። እንዲህ ያለው ውሻ ግን ወዳጅን ከጠላት ለይቶ የሚጠብቅ ሳይሆን ፈርቶ የሚናከስ ነው። ሁለተኛው ዕጣ ባለቤት አልባ ሆኖ መዞር ነው። ይህ ውሻ ከቄራ ዙሪያና ከቆሻሻ መጣያ እየተመገበ ይራባል፤ ከዚህም የሚከተለው ጉዳት ከፍተኛ ነው።

በሽታውና ቀይ ቀበሮው

የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ለመሆኑ በብራና የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት ለዚሁ በሽታ የሚታዘዙ ዕፆችን መመዝገባቸው ማስረጃ ነው። በአዲስ አበባም በ1895 ዓ.ም. በውሾች ላይ ብርቱ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደነበር ተመዝግቧል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰን ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ ግን በሽታውን መከላከል የሚቻል ሆኗል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ከንክሻው በኋላ ወዲያውኑ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ፣ ሳይዘገዩ ክትባት መውሰድ ግን ሕይወትን ያተርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በሽታው በሰው ላይ ሲደርስ ከ100 ጊዜ 99ኙ የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ ደግሞ የመተላለፉ ሰንሰለት ይቋረጣል።

የጉና ደጋ በዚህ ነገር የተለየ ድርሻ አለው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1820ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ጎብኝቶ ከስሜን ተራሮች ያስተዋወቀው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። ዝርያው ከውሻ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ደጋ አይጥና ፍልፈል እያደነ የሚኖር እንስሳ ነው። በመላው አገር የቀረው 500 ያህል ብቻ እንደሆነ ይገመታል። ቀደም ባሉ ዘመናት በተደረጉ ቅኝቶች ጉና ቀይ ቀበሮ ከሚገኝባቸው ጥቂት ተራሮች እንደ አንዱ ተቈጥሯል፤ የእንስሳው ቍጥር ግን በጣም አነስተኛ ነበር።

ለእንደዚህ ያለ አነስተኛ ቍጥር ከጥይት ይልቅ የሚያሰጋው ያልተከተበና ያለ ጠባቂ የሚዞር ውሻ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና በ2004 በውሾች በኩል የመጣው የእብድ ውሻ በሽታ የቀይ ቀበሮዎችን መንጋ ክፉኛ ፈጅቷል። በሽታው ዳግም በ2008 ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የእረኞችን ውሾች በመከተብ የሚደክመው ስለዚህ ነው። ትልቅ መንጋ ያለው ባሌ ከጥፋቱ በኋላ ሊያገግም ችሏል፤ በጥቂት እንስሳ የተወሰነ ተራራ ግን አንድ ወረርሽኝ ይበቃዋል።

በዚህ ቦታ የቀደመው ሥርዓት ጥቅም ጎልቶ ይታያል። በእረኛው ዓይን ሥር የሚውል ውሻ ከመንጋው ርቆ በተራራው ላይ አይባዝንም። በሌላ አነጋገር ከባለቤቱ ጋር የሚደረግ የዕለት ጉዞ ለውሻው ጤና ብቻ ሳይሆን ለዱር እንስሳውም ለመንደሩ ሕፃንም ጥበቃ ነው።

ሳይንስ ስለ ዕለታዊ እንቅስቃሴ የሚለው

የእንቅስቃሴን ጥቅም በቍጥር ካሳዩት ጥናቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዛዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና በባልደረቦቹ የታተመው ይጠቀሳል። በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሾፌሮችና ትኬት ቈራጮች ተነጻጸሩ። ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቈራጮች ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ያነሰ የልብ በሽታ እንደሚደርስባቸው ታወቀ። ሁለቱ በአንድ መኪና፣ በአንድ መሥመር የሚሠሩ መሆናቸው ማነጻጸሩን ግልጽ አድርጎታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው።

ችግሩ ግማሽ ሰዓቱን ማግኘት ሳይሆን ልማዱን ማጽናት ነው። ውሻ የሚረዳው በዚህ ነው። ሰው ለራሱ ጤና ብሎ የጀመረውን ጉዞ ሰበብ ፈልጎ ይተወዋል፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ውሻ ግን ሰበብ አይቀበልም። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ውሻ ያላቸው ሰዎች የተመከረውን የእንቅስቃሴ መጠን የማሟላት ዕድላቸው ከሌላቸው ሰዎች በ4 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ለውሻውም ጥቅሙ ተመሳሳይ ነው። የሚራመድ ውሻ ከመጠን በላይ አይወፍርም፤ መገጣጠሚያው ይጠነክራል፤ ጥፍሩ በመሬት ይሞረዳል፤ ሌሎች ሰዎችንና እንስሳትን እየለመደ ጠባዩ ይረጋጋል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት የውሻን ዕድሜ እንደሚያሳጥር በአሜሪካ ለ14 ዓመት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አስረድቷል፤ ምግባቸው በልክ ተመጥኖ የተሰጣቸው ውሾች እንደ ልብ ከተመገቡት እኅትና ወንድሞቻቸው ወደ 2 ዓመት ገደማ በልጠው ኖረዋል።

ጉዞው በጥንቃቄ መሆን እንዳለበትም መታወቅ ይገባል። ውሻ እንደ ሰው በላቡ ገላውን ማቀዝቀዝ ስለማይችል የሚተማመነው በማለክለክ ነው፤ ስለዚህ በቀትር ፀሐይ ከመሮጥ ጠዋት ወይም ወደ ማታ መሄድ ይሻላል። ለቡችላና ላረጀ ውሻ አጭር ጉዞ ደጋግሞ ማድረግ ይበጃል። በከተማ ውስጥ ውሻው በአንገቱ ማሰሪያ ተይዞ ይሂድ፤ ክትባቱም በየጊዜው ይታደስ። ከታረደ በግ የወጣ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መስጠትም አይገባም፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚፈጥረው ትል ዑደቱን የሚያሟላው በዚህ መንገድ ነውና።

የመሐንዲሱ ድርሻ

እስካሁን የተባለው የሐኪምና የባለቤት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሰው የሚራመደው መራመጃ ሲኖረው ነው። በደጋው ከተሞች መንገድ ሲነደፍ ስፋቱ የሚወሰነው ለተሽከርካሪው ነው፤ የእግረኛው መሄጃ ከተረፈ ቦታ ላይ ይሠራል፣ ወይም ክፍት በሆነ የውኃ ቦይ ይተካል። የክረምቱ ዝናብ ብርቱ በሆነበት በደብረ ታቦር ያልተከደነ ቦይና ያልተነጠፈ ጠርዝ ማለት በክረምት ወራት መራመድ አይቻልም ማለት ነው። የተከደነ ቦይ ራሱ የእግረኛ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ተጨማሪ ወጪውም ከመንገዱ ጠቅላላ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቆሻሻ ነው። የባዘነ ውሻ ብዛት የሚወሰነው በሚያገኘው ምግብ መጠን ነው። በብዙ ከተሞች በየጊዜው ውሻን በመርዝ የማጥፋት ዘመቻ ተካሂዷል፤ ነገር ግን የቄራው ተረፈ ምርትና የቆሻሻው ክምር በቦታው እስካለ ድረስ በሞተው ፋንታ ሌላው ከዙሪያው መጥቶ ይተካል። የመጣውም ያልተከተበ ስለሚሆን በሽታው ይብሳል እንጂ አይቀንስም። በአጥር የተከበበ ቄራ፣ ተረፈ ምርቱ የሚቀበርበት ጉድጓድና ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ከመርዙ የበለጠ ዘላቂ መፍትሔ ነው። ይህ ደግሞ በቀጥታ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ወደ ጉና የሚያወጡ መንገዶች ናቸው። እያንዳንዱ አዲስ መንገድ ሰፈራን፣ ሰፈራው ደግሞ ውሾችን ወደ ተራራው ያስጠጋል። ስለዚህ የመንገድ ጥናት ሲዘጋጅ የአካባቢው ውሾች ክትባት እንደ አንድ የወጪ ርእስ አብሮ ቢያዝ፣ ለሰውም ለቀይ ቀበሮም የሚሰጠው ጥቅም ከወጪው እጅግ ይበልጣል።

ማጠቃለያ

የደቡብ ጎንደር ደጋ ታሪክ የሚያስረዳው የሰውና የውሻ ጤና በአንድ ገመድ የታሰረ መሆኑን ነው። እረኛውና ውሻው አብረው ሲወጡና ሲገቡ ሁለቱም ጠንካሮች ነበሩ፤ መንጋውም ይጠበቅ ነበር፤ ተራራውም ለዱር አራዊቱ ሰላም ነበረ። ኑሮው ሲለወጥ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ በቦታው ግን ሌላ ሥርዓት አልተተካም። ወደ እረኝነት ዘመን መመለስ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የሚቻለው የተከተበውን ውሻ ከሰንሰለት ፈትቶ፣ በማሰሪያ ይዞ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ከእርሱ ጋር መራመድ ነው። ይህን ልማድ ማጽናት የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ የሚራመድበትን መንገድ ቀይሶ፣ ቦዩን ከድኖ፣ ቆሻሻውን አስወግዶ ማዘጋጀት ግን የዚህ ሙያ ባለቤቶች ግዴታ ነው።